«ለምኑ ነው የምናመሰግነው?»

የሳምንቱ ደብዳቤ

«ሰላም ላንቺ። ስትመልሺልኝ አንቱታውን ተዪው፣ የድሬ ሰው ነኝ፣ ይከብደኛል። የምኖረው ሳቢያን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዓመቱ እንዴት እንዳለፈብን ልንገርሽ። አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል የልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ፤ አላለፈችም። ኅዳር ላይ ባለቤቴ 17 ዓመት ከሠራበት ድርጅት ተቀነሰ። ጥር ላይ አብራን የምትኖረው አማቴ አረፈች። አራት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፤ ያስታመመቻት ልጄ ናት። እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ በክብር ሸኘልን። ባለቤቴ ግን የወር መዋጮ ማዋጣት ሲያቅተው አፍሮ እድር መሄድ ትቷል። አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ማታ ገብቶ ውሃ በጀሪካን ይቀዳልናል፣ ከዚያ ሳያወራ ይተኛል። ከሱቅ የምንወስደው በዱቤ ነው፣ የምልከውም ትንሹን ልጄን ነው። ባለሱቁ እስካሁን ፊቱን አላጠቆረብንም። ሙስሊም ጎረቤቴም አልተወችኝም። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ሲውሉ በየማታው ሳምቡሳ ትልክልን ነበር፤ ለእኛ ብላ ለብቻ በምስር ጠብሳ።

«ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ እሁድ፣ ጥሩ ምሳ ሠራሁ። በዚህ ቤት ምስጋና ጠፍቷል ብዬ አስቤ፣ ሁላችሁም ዘንድሮ እግዚአብሔርን የምታመሰግኑበትን አንድ አንድ ነገር ተናገሩ አልኳቸው። ልጄ አቀረቀረች። የ14 ዓመቱ ወንድሟ ‹አባዬ ሥራ አጣ፣ አያቴ ሞተች፣ እሷ ወደቀች። ለምኑ ነው የምናመሰግነው?› አለኝ። አባቱ ምንም ሳይናገር እጁን ታጥቦ ወጣ። እኔ ልጁ ላይ ጮህኩበት። ምሳው እንዳለ ቀረ።

«እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። ዓመቱን በምስጋና መጀመር እፈልጋለሁ። ልጆቼ ምስጋና ቢስ ሆነው እንዳያድጉብኝ እፈራለሁ። ሌላም አለ። ልጄ ካለፈች በእግሬ ቁልቢ ገብርኤል እሄዳለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። አላለፈችም፣ እኔም በሐምሌ 19 አልሄድኩም። እሷ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ድሮው አትስምም። ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ እንዳልሽው አንቺ እልሻለሁ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ሐሳቤ የቀረው ትንሹ ልጅሽ ላይ ነው። ጮህሽበት፤ ይገባኛል። የለፋሽበት ምሳ ነበር። ግን ያ ልጅ አልባለገም። ማዕዱ ላይ የነበራችሁት ሁሉ በልባችሁ የያዛችሁትን እሱ በአፉ አወጣው። እንዴት አድርጎ እንደቆጠረው ተመልከቺ፦ ሥራ፣ አያት፣ ፈተና። አንዱንም አልረሳም። በአንድ ዓመት ሦስት ነገር የተሰበረበት ቤት ውስጥ እያደገ ነው።

ስለ ሦስቱ ተቀምጣችሁ አውርታችሁ ታውቃላችሁ? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ስለ ድንኳኑ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ዱቤው ጻፍሽልኝ። አራታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ዓመት ከበደን» ስለተባባላችሁበት ቀን ግን አልጻፍሽም። ልጅሽ የጠየቀው ይህንን ይመስለኛል። ማመስገን አልፈልግም አላለም። የሆነብን ነገር ሳይነገር ወደ ምስጋና እንዴት እንለፍ ነው ያለው።

እኛ አገር ምስጋና ሰላምታችን ነው። «እንዴት ናችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤተሰብ ደህና?» «አልሐምዱሊላህ።» ከቀፊራ ተነስተሽ ከዚራ እስክትደርሺ ስንቴ እንደምትይው አስቢ። ውብ ልማድ ነው፣ እወደዋለሁ። ሰው ሆድ ብሶትም ቢሆን ፈጣሪውን እንዲያስታውስ ያደርገዋል። ነገር ግን ይኸው ቃል አንዳንዴ ክዳን ይሆናል። ውስጡ የሚፈላውን እንዳናይ ከላይ እንደፋዋለን። «ኧረ ተመስገን በል፣ ከዚህ የባሰ አለ!» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሰውየው እንዲያመሰግን አይደለም። ዝም እንዲል ነው።

ይህን የማውቀው ከቤታችን ነው። በ1998 ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት የሞላ ጊዜ 12ኛ ክፍል ልገባ ነበር። ደቻቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ውሃው ከላይ ከደጋው መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። የእኛ ነፍስ ተረፈ፣ ቤታችን ግን ሄደ።

መጠለያ ውስጥ ሳለን ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ እናቴ «ተመስገን፣ ነፍሳችን ተርፏል» ትላለች። እውነቷን ነው። ማታ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እኔ ታዲያ ተመስገን ማለት ለእንግዳ የሚባል ነገር መሰለኝ። የራሴንም ለቅሶ ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። ከጎናችን የነበሩት ሰዎች ልጃቸውን አጥተዋል። እኔ በምን አፌ ስለ አልጋዬና ስለ ደብተሬ አለቅሳለሁ? «ከእኛ የባሰ አለ» የሚለው ነገር ያኔ ነው የከበደኝ። ሐዘኔን አላቀለለልኝም። በሐዘኔ እንዳፍር ብቻ ነው ያደረገኝ። ስለዚህ ለልጆችሽ ይህቺን ነገር አትንገሪያቸው። በሰው መከራ እየለኩ ማመስገን ለተለካበትም ሰው ደስ አይልም።

አንድ ማታ፣ ወር ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ እናቴ ድንገት «ቤቴን እወደው ነበር» አለች። እኛ ልጆቿ ፊት ነው ያለችው። ስለ መስኮቱ አወራች። አባቴ ሁለት ዓመት ቆጥቦ ስላሠራው የብረት በር አወራች። አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን። ያን ለት ሁላችንም ጥሩ እንቅልፍ ተኛን።

በኋላ ኪራይ ቤት ስንገባ ዕቃው በሙሉ ከሰው የመጣ ነበር። እናቴ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሰጪውን ስም አወጣችለት። «የጎረቤታችንን ድስት አምጪ።» «የመምህሩን ብርድ ልብስ አጣጥፊ።» «የሐጂን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጪው።» ቤታችን ውስጥ ስም የሌለው ማንኪያ አልነበረም። እናቴ ስለ ምስጋና ቁጭ ብላ አስተምራን አታውቅም። እኔ ግን ተመስገን ስትል ያመንኳት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሲከፋትም አይቻታለሁና። ያቺ የጎረቤታችን ድስት ዛሬም አለች። መያዣዋ ተሰብሯል፣ ስሟ ግን ያው ነው።

ስለ እምነቱ ከሰጋሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጣችሁ» እንላለን። ኢዮብ ግን አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የተወለደባትን ቀን እስኪረግም ድረስ ተናግሯል። ወዳጆቹም ደህና የነበሩት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው። መናገር ሲጀምሩ ነው ያቆሰሉት። የልጅሽ «ለምኑ?» ከእምነት መውጣት እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ማዕዱን ትቶ የተነሳው ምስጋና ስለጠየቅሽው አይመስለኝም። «አባዬ ሥራ አጣ» የሚለውን ከልጁ አፍ ሰማ። በገዛ ቤቱ፣ በሁላችሁ ፊት። ልጁ ሊወቅሰው ፈልጎ አልነበረም። አባቱ ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን ወቀሳ ሆነ። 17 ዓመት ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ የኖረ ሰው፣ ሥራው ሲቀር የቀረበት ደመወዙ ብቻ አይደለም። ሰው ፊት የሚቆምበት ነገር ነው የቀረው። እድሩንም የተወው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ በፊት ሁለት ሥራ አለብሽ። አንደኛው ትንሹን ልጅሽን ይቅርታ መጠየቅ ነው። አታርዝሚው። «ጮህኩብህ፣ አጠፋሁ። ያልከው እውነት ነው፣ እኔንም ከብዶኛል» በዪው፣ በቃ። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ የምትዋረድ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ከባለቤትሽ ጋር ለብቻችሁ መቀመጥ ነው። ማታ፣ ውሃውን ቀድቶ ሲጨርስ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ወንበር አውጪ። የድሬ ማታ ለዚህ ይመቻል። ስለ ምሳው ቀን አንስተሽ አትጀምሪ። ከጀሪካኑ ጀምሪ። «ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለህ ማታ ውሃ ትቀዳልናለህ። አያለሁ። አንድ ቀን አመሰግንሃለሁ ብዬህ አላውቅም» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። መልስ ባይሰጥሽም አትከፊ። ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ የሚመልሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ እሱም በሌላ ወሬ ተጠቅልሎ።

ታያለሽ? በዚህ በጀሪካኑ ነገር ልቆይ። ደብዳቤሽን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የታየኝ። ቤታችሁ ውስጥ ምስጋና ጠፍቷል ብለሽ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ሰው እንዳመሰገንሽ ራስሽ አላስተዋልሽም። ውሃ የሚቀዳው ባልሽ አለ። ድንኳን የተከለው እድር አለ። ፊቱን ያላጠቆረው ባለሱቅ አለ። ሳምቡሳ የምትልከው ጎረቤትሽ አለች። ሁሉም ከብሶትሽ መሀል ነው የወጡት። ምስጋናው ከሐዘኑ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። አንዱን ሳታነሺ ሌላውን ልታወጪ ስለሞከርሽ ነው ያልመጣልሽ።

የጎረቤትሽን ነገር ለልጆችሽ በደንብ ንገሪያቸው። እሷም ጾመኛ ናት። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ማግሪብ ሳይደርስ ምጣዷ ላይ ቆማለች። ለቤተሰቧ የሚሆነውን ሳምቡሳ በሥጋ ትጠብሳለች። ከዚያ ለእናንተ ደግሞ ለብቻ ምስር ትቀቅላለች፣ ለብቻ ትጠቀልላለች፣ ለብቻ ትጠብሳለች። ለምን? የእሷ ፍጥር የእናንተን ጾም እንዳያስገድፋችሁ ነው። የእናንተን ጾም እንደ ራሷ ጾም ጠበቀችላችሁ። ይህን ለ14 ዓመት ልጅ ብትነግሪው ይገባዋል። በምላሱ ቀምሶታል። «ለምኑ ነው የምናመሰግነው?» ላለሽ ልጅ ከዚህ ሳምቡሳ የተሻለ መልስ የለኝም።

የባለሱቁም እንዲሁ ነው። ዋጋ በማይጨምርበት ዘመን ዱቤ ማለት መታገስ ብቻ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ከተለቀቀ ወዲህ ገበያው እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ዛሬ በዱቤ የሰጠሽን ዘይት ከሁለት ወር በኋላ በከፈልሽው ብር መልሶ ላያመጣው ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ መታገሱ ብቻ አይደለም፣ ከኪሱም ሰጥቷችኋል። እና አስቢው፣ ሁልጊዜ በዱቤ የሚላከው ልጅሽ ነው። ያንን ደብተር ሲገለጥ የሚያየው እሱ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ያልተሸከመውን ኀፍረት ተሸክሟል። አንድ ቀን፣ የቻላችሁትን ያህል፣ መቶም ሁለት መቶም ብር ትሁን፣ ለእሱ ስጪው። «ይሄን ክፈልና አባዬና እማዬ አመስግነውሃል በለው» ብለሽ ላኪው። አንድ ጊዜ እንኳ ሊከፍል ይሂድ።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ልጅሽን።

አራት ወር አያቷን አስታማለች። ማስታመም ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ማጠብ ነው፣ አንሶላ መቀየር ነው፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ መነሳት ነው፣ «ውሃ» ሲባል መሮጥ ነው። ይህን ያደረገችው ፈተና በወደቀች ማግስት ነው። አንገቷን በደፋችበት ሰዓት። ከዚያ አያቷ አረፈች። ለቀስተኛው መጣ። አባቷን «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው፣ አንቺንም አለሽ። ልጅቷን ማን አመሰገናት? እኔ ስጠረጥር ድንኳኑ ሲፈርስ እሷ ሰሃን እያጠበች ነበር።

ማዕዱ ላይ አቀረቀረች አልሽኝ። ምስጋና ቢስ ስለሆነች አይመስለኝም። ማንም ሳያመሰግናት የኖረች ልጅ «አመስግኚ» ሲሏት ምን ትበል? ልጆቼ ምስጋና ቢስ ሆነው እንዳያድጉ ብለሽ ፈርተሻል። ልጅ ማመስገን የሚለምደው ሲመሰገን ነው። ምን እንደሚመስል ካላየው ከየት ያመጣዋል?

ይህን አንቺ አትንገሪያት። አባቷ ይንገራት። እናቱን ነው ያስታመመችለት። ቃሉን እሱ ይፈልገው፣ አንቺ አታጥኚው። «እናቴን በክብር የሸኘሻት አንቺ ነሽ» ቢላት ይበቃል። እሱንም ይረዳዋል። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ነገር አጥቻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነውና፣ ይሄ ከእሱ በቀር ማንም ሊሰጣት የማይችል ነገር ነው።

ስለ ፈተናውም አንድ ነገር ልበል። ልጅሽ በተፈተነችበት በ2016 ከተፈተኑት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ለእሷ ማጽናኛ እንድታደርጊው አይደለም፣ እሷ ካንቺ በፊት ታውቀዋለች። ለአንቺ ነው የምነግርሽ። «ባትሰንፍ ኖሮ» የሚል ነገር በልብሽ ጥግ ካለ ይውጣ። በግሏ ዳግም መፈተን ትችላለች፣ ቴክኒክና ሙያም አለ። አራት ወር በሽተኛ ያስታመመች ልጅ ጤና ነክ ትምህርት ትወድ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ጠይቂያት እንጂ አትወስኚላት።

ስለቱ። ዝርዝሩን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ ቦታው የእሳቸው ነው። እኔ የሚታየኝን ብቻ ልበልሽ። የተሳልሽው ካለፈች ብለሽ ነው። በዚህ ራስሽን አታስጨንቂ። ግን ልጅሽ ይህን ስለት ታውቀው እንደሆነ አስቢ። ካወቀች ሁለት ጊዜ ነው የወደቀችው፤ አንዴ ከፈተናው፣ አንዴ ከአንቺ ስለት። እናቴን ከቁልቢ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብላ ታስብ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከመሳም የራቀችው ጠልታ ሳይሆን አፍራ ሊሆን ይችላል። አትጎትቻት። «ስለቱ የእኔና የገብርኤል ነው፣ አንቺ የለሽበትም» በያት።

ራስሽ መሄድ ካማረሽ ታኅሣሥ 19 ሩቅ አይደለም። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣው ሰው ሁሉ የተሳካለት እንዳይመስልሽ። ጃንጥላ ይዞ እልል እያለ ከሚያልፈው ጎን ባዶ እጁን እያለቀሰ የሚሄድ አለ። እሱንም መንገዱ ያደርሰዋል።

ባለሙያዎች የሚሉትንም ልጨምርልሽ፣ ምክሬ ላይ ለውጥ አምጥቷልና። ሮበርት ኤመንስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጥናት አወጣ። አንደኛው ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ10 ሳምንት፣ የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት የሚሆኑ ነገሮች እንዲጽፍ ተደረገ። ሌላው ያስመረሩትን ነገሮች ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። በሳምንት አንዴ መሆኑን ልብ በዪ። በየማዕዱ፣ በየጸሎቱ ካደረግሽው ልጆቹ እንደ ቤት ሥራ ይቆጥሩታል።

ማርቲን ሴሊግማን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ሰዎችን ሌላ ነገር አስደረገ። ውለታ የዋለላችሁን፣ በደንብ ሳታመሰግኑት የቀረ ሰው አስቡ። ደብዳቤ ጻፉለት፣ ራሳችሁም ወስዳችሁ አድርሱለት አላቸው። ከሞከሯቸው ነገሮች ሁሉ ወዲያው የሰውን መንፈስ ይበልጥ ከፍ ያደረገው ይሄ ነበር፣ እስከ አንድ ወርም ቆየ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደበዘዘ። ስለዚህ አንድ ጊዜ አድርጎ መተው አይበቃም።

እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። እኛ ሰው ቤት መሄድ እናውቅበታለን። ስለዚህ ዘንድሮ መስከረም 1 ጠዋት ማንንም በየተራ አታናግሪ። ንግግሩ ይቅር። ድፎ ዳቦ ጋግሪ፣ ግማሹን ለጎረቤትሽ ቁረጪ። አራታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ደጇ ላይ ቆማችሁ «ረመዳን ላይ በምስር ጠብሰሽ የላክሽልንን አልረሳነውም» በሏት። ምስሩን አንሱላት። ዝም ብሎ «እናመሰግናለን» እና «በምስር የጠበስሽልን» አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ስትሰማ እንዳያችኋት ታውቃለች።

ባለቤትሽ ደግሞ ወደ እድሩ ይመለስ። ለመዋጮ ሰው ፊት መቆም አፍሮ ነው የቀረው። ሊያመሰግን ይሂድ። «እናቴን ቀበራችሁልኝ፣ መጥቼ ሳላመሰግናችሁ ቀረሁ፣ ያጎደልኩትንም ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» ይበላቸው። የእድር ሰው ይህን ሰምቶ ፊቱን አያዞርበትም። ከመካከላቸው ይህ ዓይነት ዓመት ያልደረሰበት ማን አለ? አንቺ ግን «ሂድ» ብለሽ አትነዝንዢው። አንድ ጊዜ ንገሪው፣ ከዚያ ተዪው።

ከዚያ በኋላ ለሳምንቱ፣ እሁድ ቡና ስታፈዪ ይበቃል። አቦሉ ላይ ሳምንቱ የከበደው ሰው ይናገር። ማንም አያጽናና፣ ማንም «ተመስገን በል» አይበለው። ቀጥሎ ማን ምን እንዳደረገላችሁ ይነሳ፤ ሰው በስሙ፣ ነገሩም በዝርዝሩ። የሚናገረው ያጣ ቡናውን ጠጥቶ ይነሳ። አንቺም የከበደሽን ተናገሪ። እናት ብቻዋን ጠንካራ የሆነችበት ቤት ውስጥ ልጆች ማልቀስ ይፈራሉ። የአያታቸውንም ስም ጥሩ። ምን ትወድ እንደነበር፣ ማንን ትቆጣ እንደነበር። ከጥር ወዲህ ስሟ ስንት ጊዜ ተነስቶ ይሆን?

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅሽ አላልፍም። የባለቤትሽ ዝምታ እንቅልፍ ማጣት ካለበት፣ ምግብ ከዘጋው፣ ጫት ወይም መጠጥ ውስጥ ከተደበቀ፣ ወይም «ብሞት ይሻል ነበር» የሚል ቃል ካመለጠው፣ ይሄ በቡናና በዳቦ የሚታለፍ አይደለም። ሕመም ነው፣ ሐኪም ይፈልጋል። ለወባ ድል ጮራ ሆስፒታል እንደምንሄደው ለዚህም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። አብረሽው ሂጂ። ለልጅሽም ያው ነው።

የሚቸግርሽ የመጀመሪያው ማታ ነው፣ ወንበሮቹን የምታወጪበት። ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል። ዳቦውን ስትወስዱ ደግሞ ልጅሽ ትያዘው፣ ሁለቱን ቤቶች የምታገናኘው እጅ የእሷ ትሁን። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዪላት፣ ትኩስ ሳለ ይድረስ። መስከረም ሲጋመስ ጻፊልኝ፣ ጎረቤትሽ ምን እንዳለች መስማት እፈልጋለሁ።